ቦይለሩ ግሎ ቧንቧው የቀዘቀዘበት ቤት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለማትበገረው ቡሎኔ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ፎቅ መውጣትሽ እንደምን ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ነኝ። ጆሮዬንም ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ ዓመት ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ከተቀመጡ ሴቶች ጋር እየተጯጯሁ አውርቼ ስልክ የማይሰማ ጆሮ ይዤ ቀረሁ። በብዕር ግን የሚችለኝ የለም።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ቦይለሩ ሞተ! አዎ፣ አንቺው ወደ ውጭ አገር ከመሄድሽ በፊት መርጠሽ ያስገጠምሽልኝ። አሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ ፀጉር ማጠቢያው ላይ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስከፍት የሚመጣው የወንዝ ውሃ ነው። ትናንት የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር አንገቷን ገንዳው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተንጋላለች። እኔ ወሬ ይዤ ውሃውን በእጄ ሳልሞክር ለቀቅኩባት። ኧረ ጉዴ! ብድግ ስትል ሻምፖው ጣሪያ ነካ። እኔ እንኳ ሰማሁት ጩኸቷን፣ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

ኅዳር 16 ደግሞ ሙሽራ አለብኝ! ሙሽራ ብቻ መሰለሽ? ሰባት ሚዜዎቿ፣ እናቷ፣ የሙሽራው ሁለት እህቶች። አሥራ አንድ ራስ በአንድ ቀን! በዚህች ቤት ይህን ያህል ሰው ተሰልፎልኝ አያውቅም፤ ከደስታዬ ብዛት የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን ሦስቴ ቆጠርኳቸው። ግን አሥራ አንድ ራስ በድስት ውሃ እያፈላሁ አላጥብም፣ ወገቤ ይበጠሳል። ስለዚህ ልጄ፣ አዲስ ቦይለር ላኪልኝ። ቦይለር መሐል አይደል የምትውዪው፤ አንዱ አይጎድልብሽም።

አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ሥራ በዝቶበታል። ሰዓቱን ያመጣ ሁሉ "በሚቀጥለው ሳምንት" እየተባለ ይመለሳል፤ መሳቢያው ሞልቶ አልዘጋ ብሏል።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

አክስትሽ፣ ፀጉር ሠሪዋ


ጥቅምት 17 ቀን

ለውዷ እትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጉልበትሽ አይድከም። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ፣ የመፍቻ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ዳይሬክተሯ ጋ ስደርስ እንዲህ ስቄ ስለማላውቅ የሥራ ጓደኛዬ መኪናውን አቆመ። ተርጉሜ ነገርኩት። አሁን በየገባንበት ቤት የሚያወራው እሱን ነው።

አዲስ ቦይለር ግን አልክልሽም። አትቆጪ! በቀን ስድስት ቤት እገባለሁ፤ ስድስቱም "ሞተ" ይሉኛል፤ በእርግጥ የሞተው ቢበዛ አንዱ ነው። ጎረቤታችን ኮረንቲ አሁንም የሠፈሩን መብራትና ቧንቧ እየጠገነ ነው አይደል? እሱን ጥሪው። አንቺ ራስሽ ምንም እንዳትነኪ። እሱም ክዳኑን ከመፍታቱ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፋ። ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ቦይለሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሷ ትዘላለች። ዘልላ ከሆነ ይጫናት። ከዚያ ሬዚስታንሱን፣ ማለት ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚያግለውን ብረት፣ በቴስተር ይለካው። ሳይለካ "ተቃጥሏል" ካለሽ እንዳትሰሚው። በመጨረሻ መብራቱን መልሳችሁ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ከቦይለሩ የሚወጣውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ እዚያው ሥሩ ላይ በጨርቅ ንኩት። ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ? እሱን ጻፊልኝ።

አባባስ? ስምንት ወር ሙሉ "ሰላም ብሎሻል" ብቻ። ድሮ በያንዳንዱ ደብዳቤሽ ውስጥ የራሱ አንድ ገጽ ነበረችው። ስደውል "ሰው ይዣለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ የመጣው ወደ ሰዓት ሥራው አልመለስም፣ ቦይለር ጥገናው ላይ እቀራለሁ ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ነው። ያን ወንበር ለእኔ ብሎ እንዳቆየው አውቃለሁ። ተቀይሞኝ ከሆነ ተቀይሞሻል በይኝ። እችለዋለሁ። ያላወቅኩትን ነገር ግን እንዴት ልቻለው?

ልጅሽ


ጥቅምት 28 ቀን

ይድረስ ለመሐንዲሷ ቡሎኔ፤

ሥራሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይለምልም፣ ከደረጃ መውደቅን ያርቅልሽ። እኔ ደግሞ ምን ሆኜ መሰለሽ? ቴክኒሽያን ሆኛለሁ! ደንበኞቼ ካስክ ሥር ሆነው የሚሰሙት ስለ ተርሞስታት ነው። አንዷ እንዲያውም "የእኔ ቤቱንም መጥተሽ እዪልኝ" አለችኝ። ምን አልኳት? "ከሙሽራዋ በኋላ!"

ኮረንቲ መጣ። እኔ ደብዳቤሽን ይዤ በር ላይ ቆሜ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ገና ክዳኑን ሳይነካ "ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" አለኝ! "ለካው!" ብዬ ጮኽኩበት። ለካ። ደህና ነው። ቀዩዋ ቁልፍ አልዘለለችም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ተርሞስታቱም ደህና ነው። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ፣ ደግሞ ዓይኔን አያየኝም። ቅናት ነው አልኩ፤ በሴት ልጅ ደብዳቤ ሲታዘዝ ምን ይሁን?

አሁን ጉዱን ስሚ! ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ከቦይለሩ የሚወጣውን ቧንቧ በፎጣ ነካሁት፤ አያስነካም! እሳት ነው! በደስታ እየዘለልኩ ሄጄ የፀጉር ማጠቢያውን ከፈትኩ። ቀዝቃዛ። እንዲያው ለብ ለማለት እንኳ የሚከብደው። ልጄ፣ በስምንት እርምጃ መሐል ሙቅ ውሃዬን ማን ወሰደው? ወይስ ይህ ቤት አመሉ ተቀየረ? ቦይለሩን ተይው፣ ምንም አትላኪ፤ መልሱን ብቻ ላኪልኝ፣ ቶሎ!

አባትሽ ደህና ነው። ስለ መቀየም ያልሽውን... እሱ ሲመቸው ይጽፍልሽ ይሆናል። ሰላም ብሎሻል።

ሙሽራዋ አሥራ ስምንት ቀን ቀራት። አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን።

አክስትሽ


ኅዳር 7 ቀን

ለእትዬ ቴክኒሽያኗ፤

ጤናና ደስታ ይብዛልሽ! ቧንቧው አያስነካም የሚለውን ሳነብ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቦይለርሽ ጤነኛ ነው! ሙቅ ውሃሽንም የሰረቀው የለም። አንድ ቦታ ላይ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየገባበት ነው። አንቺ የሙቁን ስትከፍቺ ቀዝቃዛው ቀድሞ ይደርስልሻል።

እንዲህ አድርጉ። መብራቱን አጥፉ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ከመዝጊያው ዝጉት። አሁን የፀጉር ማጠቢያውን የሙቅ ቧንቧ ክፈቺ። ቦይለሩ ምንም ስለማይገባለት ውሃው ወዲያው መቋረጥ አለበት። ካልተቋረጠ፣ በደንብ መፍሰሱን ከቀጠለ፣ በሌላ በር እየገባ ነው ማለት ነው። ያን በር ፈልጊው። ሙቁና ቀዝቃዛው የሚገናኙበት፣ ሁለቱም ተከፍተው ግን ከፊት የታፈኑበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ጫፉ ላይ ሲጫኑት ብቻ የሚፈስ የእጅ ሻወር። ቧንቧዎቹን ሳይዘጋ ጫፉን ብቻ የሚለቅ ሰው ካለ፣ ሁለቱ መስመሮች እዚያ ይቀላቀላሉ።

ስለ አባባ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። ከሦስቱ ነጥቦች ቀጥሎ የነበረውን ነገር ነው የምፈልገው እትዬ። አሁንም እየጠበቅኩ ነው።

ልጅሽ


ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለቡሎኔ፣ ለቤታችን ብርሃን፤

ምን ብዬ ልመርቅሽ? ከላይ እስከ ታች ይመርቅሽ! ደብዳቤሽ የደረሰው ኅዳር 15 ከምሳ በኋላ ነው። ሙሽራዋ ለነገ! ኤንቬሎፑን በመቀስ ሳይሆን በጥርሴ ነው የከፈትኩት።

መብራት አጠፋሁ፤ መዝጊያውን ዘጋሁ፤ ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ይፈሳል! አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ እንደ ጉድ ይፈሳል! "ተገኘ!" ብዬ ስጮህ ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛዬ ቢጎዲኗን እንደጠቀለለች ተነሥታ አብራኝ ፍለጋ ገባች። ኩሽናውን አየን፣ የእኔን መታጠቢያ አየን። ከሰዓት ቤቱ ጀርባ ያለችው የአባትሽ መታጠቢያ ብቻ ቀረች። እዚያ እኔ እግሬን አስገብቼ አላውቅም፤ ንጽሕናው ለብቻው ነው። ገባሁ። አንቺ እንዳልሽው! አዲስ የእጅ ሻወር፣ ሲጫኑት የሚፈስ፣ ሁለቱም ቧንቧዎች እስከ መጨረሻው ተከፍተው! በእነዚህ ሠላሳ ዓመት ፀጉር ባሹ እጆቼ ጥርቅም አድርጌ ዘጋኋቸው። የቦይለሩን መዝጊያና መብራቱን መለስኩ፤ ማጠቢያዬ ላይ እንፋሎት ወጣ! እኔና ባለ ቢጎዲኗ ተቃቅፈን ዘለልን።

በማግስቱ ጠዋት የሙሽራዋን እናት ልጀምር ስል፣ ቀዝቃዛ። ሮጥኩ። ሁለቱም ተከፍተዋል! "ወንድምዬ ምን ነክቶህ ነው?" አልኩት። "ረሳሁት" አለኝ ቀና ሳይል። ዘግቼ ተመለስኩ። አሥራ አንድም ራስ በሙቅ ውሃ ታጠበ፤ ሙሽራዋ ስትወጣ ያየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ለዚያች ቀን መለማመጃ ነበር።

ግን ትናንትም ተከፍቶ አገኘሁት። ዛሬም። በሰከንድ የሚኖር ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይረሳል? ሌላ ደግሞ የገረመኝ፣ ያ ኮረንቲ ሰሞኑን በየጠዋቱ ሰዓት ቤቱ ይመጣል። ምን ፈለግህ ስለው "ስንት ሰዓት እንደሆነ ልጠይቅ ነው" ይለኛል። እጁ ላይ ሰዓት አስሮ!

ምንም አትላኪልኝ፤ ፎቶሽን ብቻ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

አክስትሽ፣ ደስታ ሊገላት የደረሰ


ኅዳር 27 ቀን

እትዬ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው።

እንኳን ደስ አለሽ። አሁን ግን ስሚኝ። ያን ሻወር ማን ገጠመው? ኮረንቲ ነው፤ ለዚህ ነው ዓይንሽን ያላየው። ጠዋት ጠዋት የሚመጣውም ሰዓት ሊጠይቅ አይደለም፤ አንቺ ጥርቅም አድርገሽ የዘጋሽውን ሊከፍት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጡረተኛ ቤት ይኸው ብልሽት ገጠመኝ። ዘጋሁለት፣ አስረዳሁት፣ በሳምንቱ ደግሞ ጠሩኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ነው የገባኝ። ሰውየው ረስቶ አልነበረም። ቧንቧውን ማዞር አይችልም። ጣቶቹ እምቢ ብለውታል፤ ያን ጫፍ ግን በመዳፉ መጫን ይችላል።

መሳቢያው ሞልቷል አልሽኝ። ስልኩን ቶሎ ይዘጋል። መጻፉን አቆመ። እትዬ፣ የአባቴ እጅ ምን ሆኗል? ሂጂና ጨብጪው። ከዚያ እውነቱን ጻፊልኝ፣ በነጥብ አትለፊው።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

የዘገየሁት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ነው። አሁን "ደህና ነው" ስልሽ የምሬን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። "ሰላም ብሎሻል" እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ከራሴ ነው። አንድም ቀን ሰላም በያት አላለኝም። ስምሽን ሳነሣ ወደ ሱቁ ይገባል። ተቀይሟታል ብዬ አሰብኩና፣ ልብሽ እንዳይሰበር ሰላምታ ፈጠርኩልሽ። ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ሄጄ ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁለት። "ምንድን ነው?" አለ። "ጨብጠኝ" አልኩት። አየኝ። ከዚያ እጁን መዳፌ ላይ እንዲሁ አስቀመጠልኝ። ጣቶቹ አልታጠፉም። አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር አንድ በአንድ የማይ ሴት፣ የወንድሜን እጅ ሳላይ ከረምኩ! አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ ሳምኩት። በማግስቱ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው አለ፤ መድኃኒት አለው። ጠዋት ጠዋት እጁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትቶ ጣቶቹን እያጠፈ እየዘረጋ እንዲያፍታታም አዟል። ብዕር መያዝና ቁልፍ ማዞር ይመለሳል ይላል። የሰዓት ጥቃቅን ዕቃ ግን... አይመለስም። ይኸው፣ በነጥብ አላለፍኩትም።

አሁን እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ልጄ። መጀመሪያ የሄደብኝ ብዕሩ ነው። ለአክስትሽ ጻፊልኝ እንዳልላት፣ ጎረቤት ሁሉ በማግስቱ ይሰማል።" (ውሸቱን ነው! በሦስተኛው ቀን ነው።) "ቦይለር ጠጋኝ እሆናለሁ ስትዪኝ መናደዴን አልክድም። ሦስት ቀን ተናደድኩ። በአራተኛው መልስ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ፤ እጄ አልያዘልኝም። ያን ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ወንበሬ ላይ ልትቀመጪ ትመጪ ነበር። አውቅሻለሁ። ካዘነችልኝ ትመጣብኛለች፣ ከተቆጣችብኝ ግን ሥራዋ ላይ ትቆያለች ብዬ ዝም አልኩ። 'አባቴ ቂመኛ ነው' ብትዪ ይሻለኝ ነበር፣ 'አባቴ አለቀለት' ከምትዪ። መሳቢያዬ ውስጥ ሠላሳ አራት ሰዓት አለ፤ አንዱንም አልከፈትኩም። ባለቤቶቹን በዋሸሁ ቁጥር በልቤ አንቺን ነበር የምጠራው።" (እዚህ ላይ ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። እኔም ጠጣሁ።) "ያን ቦይለር ከዚያ ሆነሽ፣ ሳትነኪው፣ በሦስት ደብዳቤ አገኘሽው። ኮረንቲ በየጠዋቱ እየመጣ ይነግረኝ ነበር። ደረጃ በደረጃ ስትጠጊው ስሰማ፣ እንዳታገኚኝ ፈራሁ፤ ደግሞ ታገኘኝ ይሆን ብዬ ጓጓሁ። ሙያ ለውጠሽ አይደለም የሄድሽው፤ ሙያሽን ይዘሽ ነው የሄድሽው። ይህን በጊዜው ሳልልሽ ቀረሁ። ሰላም ብያለሁ።"

ይህቺኛዋ ሰላምታ የእሱ ናት፣ በዓይኔ ምስክር ነኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለአባዬ፣ በእትዬ አንደበት፤

ጤናህ ይመለስ፣ ቀኑ ይቅለልህ።

እትዬ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ግን ቀስ ብለሽ። ፊቱን ካዞረ ጠብቂው፣ ከዚያ ቀጥዪ። ለፈጠርሽልኝ ሰላምታ ሁሉ አልቀየምሽም፤ እስከ ዛሬ ያቆመኝ እሱ ነው።

አባዬ፣ ትኬት ቆርጫለሁ! አለቃዬ አምስት ሳምንት ፈቀደልኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው "ሂጂ፣ ደግሞ ያን ሲጫኑት የሚፈስ ሻወር ከዚያ ቤት ንቀዪው" አለኝ። ጥር 9 ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ የለም፤ ረዥም እጀታ ያላቸው አራት ቧንቧዎች ናቸው፣ በክርን የሚከፈቱ፣ በክርን የሚዘጉ። ኮረንቲ ቀድሞ እንዳይነካቸው፣ እኔ ነኝ የምገጥማቸው። እግረ መንገዴን እንዴት እንደሚዘጋ አሳይሃለሁ፤ አትሳቅ፣ ተማሪዬ ነህ።

ሠላሳ አራቱን ሰዓት አትመልሳቸው። ለባለቤቶቹ "ልጄ ትመጣለች" በላቸው። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ፣ መነጽሩን ታደርጋለህ፣ "እዚያ ጋ፣ ኧረ እዚያ ጋ አይደለም" እያልክ ትቆጣኛለህ። አምስት ሳምንት ይበቃናል። ከዚያ ወደ ቦይለሮቼ እመለሳለሁ፤ እንደዚያ እንደምትፈልግ አሁን አውቄያለሁና ሳልሳቀቅ እመለሳለሁ።

ተናድጄብህ ነበር አባዬ። በየቀኑ። የሰው ቤት ቦይለር እየፈታሁ በልቤ ካንተ ጋር እጨቃጨቅ ነበር፤ አንድም ቀን አላሸነፍኩህም። አሁን ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ እንጃ። ጓደኛዬ "ምን አገኘሽ፣ ስታፏጪ ዋልሽ" ይለኛል።

በር ላይ ስደርስ እጅህን ልትዘረጋልኝ አትጨነቅ። ዝም ብለህ ቁም፤ እኔ እይዝሃለሁ።

ልጅህ